በአባትና በልጅ መካከል ያስገባሁት ቃል

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትረግሙኝ አልቀየምም። እኔም ራሴን ረግሜ ጨርሻለሁ። የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ለመሬት፣ ለፍቺ፣ ለመብራት ቆጣሪ፣ ለጠፋ መታወቂያ ያልጻፍሁት የለም። የራሴን ጉዳይ ግን ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

ውባለም እባላለሁ። ትውልዴ እብናት ነው። ሰባት ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርቼ ተመለስሁና ደብረ ታቦር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፈትሁ። ሌሎቹ ወርቅ ይዘው ይመለሳሉ፣ እኔ ምላስ ይዤ መጣሁ እያልሁ እቀልዳለሁ። ዐረብኛዬ ግን ቀልድ አይደለም፤ ስቆጣ የሚመጣልኝ ዐረብኛ ነው።

ከዚያ አገር አንድ ሌላ ነገርም ይዤ መጥቻለሁ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ ነበረች። የአሠሪያችን ሴትዮ አምባር ጠፋና ፖሊስ መጣ። “መኝታ ክፍሉ ገብተሽ ነበር?” አላት። “አዎ፣ ላጸዳ” አለች። “አዎ” ያለችውን ሰሙ፤ “ላጸዳ” ያለችውን የሰማላት የለም። ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን አላየሁም። በባዕድ መርማሪ ፊት “አዎ” የሚባል ቃል እንደማይወጣኝ ያን ዕለት ለራሴ ማልሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያት ሳይሆን ምንጩ እንዲገባችሁ ነው።

አንድ ኀሙስ ጠዋት አያ ታደገ መጡ። ከገሳይ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ገብስና ስንዴ ያርሳሉ። ነገር ግን በአገሩ የሚታወቁት በእርሻቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። ሰው ተጣልቶ እሳቸው ሳይቀመጡበት የሚታረቅ የለም። “አያ ታደገ ብለዋል” ከተባለ ነገሩ አለቀ። ልጃቸው ጌትነት የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነው። ባሕር ከሌለበት አገር ተነሥቶ መርከበኛ መሆኑን ስሰማ፣

“አያ ታደገ፣ ምን ብለው መርቀው ነው ልጅዎን ውኃ ላይ የሰደዱት?” አልኋቸው።

አልሳቁም። “ይዘውብኛል፣ ልጄ” አሉና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ ሁለት ወገኖች ይዋጋሉ። የጌትነት መርከብ ከሁለቱም አይደለችም፤ ባንዲራዋ በጠቡ ውስጥ የሌለ አገር ባንዲራ ነው፣ የጫነችውም ማዳበሪያ ነው። አንደኛው ወገን ግን “ለጠላቴ ጭነሻል” ብሎ አስቆማት። ሃያ መርከበኞች ከነመርከባቸው ወደብ ላይ ታገቱ። ደብዳቤው ላይ የስልክ ቁጥር ነበረ፤ ደወልሁ። አዲስ አበባ ሆኖ የመርከቧን ጉዳይ የያዘ አንድ ዲፕሎማት አነሣው። ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

“ባንዲራውን አምነውልናል” አለኝ። “ጭነቱንም ከረጢት ከረጢቱን ፈትሸው ጨርሰዋል። የቀሩት ሰዎቹ ናቸው። ከመካከላቸው ተዋጊ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይደውላሉ። የመንግሥት ሰው መስመሩ ላይ እንዳይኖር፣ ለቤተሰቡም መልስ እንዳናስጠና ቃል አስገብተውናል። አስተርጓሚውን ቤተሰቡ ያመጣል። ዐረብኛ ትችያለሽ?”

“እንዴታ!”

“እንግዲያው አደራሽን፣ እኅቴ። ቃል በቃል ተርጉሚ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ይቺ መርከብ መድፍ የላትም፤ እኛም እዚያ ወታደር የለንም። ያለን ቃላችን ብቻ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ባዶ እጃችንን ነን።”

አያ ታደገ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። “ልክ ነው” አሉ። “በእኛም አገር ደም የተቃቡ ሰዎች ቢኖሩ ገበያ የሚሄደውን መንገደኛ አይነኩትም። ግን መንገደኛው ወዲያም ወዲህም አለመሆኑን በቃሉ ማሳመን አለበት። ስለ ቃል ከሆነማ ከእኔ በላይ ማን አለ?” ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ።

ጥሪው ለቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተቀጠረ። የገበያ ቀን ስለሆነ ከተማው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። አያ ታደገ ከአምስት ሰዓት ጀምረው ደንበኞች ማስቀመጫዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኮፒ ሊያስነሣ የመጣውን ሁሉ “ነገ” እያልሁ መለስሁና በሩን ገርበብ አደረግሁት።

ስልኩ ሲጠራ አያ ታደገ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው በስልኩ ፊት ቆሙ።

“ይቀመጡ እንጂ አያ፣ አያየዎትም እኮ” አልኋቸው።

“እሱ ባያየኝ እግዜር ያየኛል” አሉ።

የሚመረምራቸው መኮንን ሰላምታ ሰጠ። ድምፁ ሻካራ አልነበረም፤ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ፣ የሚጽፍ ሰው ድምፅ ነበር። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ጠየቀ። ቃል በቃል ተረጎምሁ።

“ልጅህ ወታደር ነበር?”

“አልነበረም። በትምህርት ያደገ ልጅ ነው።”

“ከጠላቶቻችን ጋር ግንኙነት አለው?”

“ጠላታችሁ ማን እንደሆነስ እኔ በምን ዐውቄ!”

ይህንንም እንዳለ ተረጎምሁ፤ መኮንኑ ሳቅ ያለ መሰለኝ። ልቤ ረጋ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ።

“ልጅህ የጦር መሣሪያ ይዞ ያውቃል?”

ለአያ ታደገ ነገርኋቸው። ዓይናቸው እንዴት እንደ በራ እስካሁን ይታየኛል። ትከሻቸውን ነቀነቁ።

“እንዴታ! የወንድ ልጅ አይደለም እንዴ! የአባቴን ምንሽር ይዞ በእኅቱ ሠርግ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሷል። ሙሽሮቹ ሲወጡ። አገር ያየው ነው። ንገሪው!”

ኧረ በስመአብ! በእኛ አገር ይህ ኩራት መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። የእኅቱን አጀብ በጥይት ያልሸኘ ወንድም ይታማል። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ግን ይህን ከየት ያውቀዋል? ጆሮዬ ላይ የጮኸችው ያቺ የደሴ ልጅ ነበረች። “አዎ፣ ላጸዳ።” “አዎ”ን ይሰማል፣ ሠርጉን አይሰማም አልሁ በሆዴ። አያ ታደገ አፍ አፌን ያያሉ፤ መኮንኑ ይጠብቃል።

“ላ” አልሁት። “አይደለም። በእጁ ይዞ አያውቅም ይላሉ።”

የሚጽፍበት ብዕር ሲንሿሿ ተሰማኝ።

“እርግጠኛ ነው? አንድም ቀን?”

“በጭራሽ።”

አያ ታደገ፣ “ምን አለ? ምን አለ?” አሉ።

“ገብቶታል” አልሁ።

“ሠርግ መሆኑን ነግረሽዋል?”

“ነግሬዋለሁ።”

ይኸው፤ በሁለት ትንፋሽ ውስጥ ሁለቱንም ዋሸሁ።

መኮንኑ አመሰገነና ለልጁ አንድ ደቂቃ እሰጣለሁ አለ። ለካ ጌትነት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆይቷል፤ ሁሉንም በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ነበር። አያ ታደገ፣ “ጌቴ! ልጄ! በላህ ወይ? ጤና ነህ ወይ?” አሉ፤ እንባቸው መጣ።

“ደኅና ነኝ አባዬ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት? እማዬስ?” አለ። ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አባዬ፣ እርስዎ ያሉትን ሰምቻለሁ። የተባለውንም ሰምቻለሁ።”

መስመሩ ተቋረጠ።

አያ ታደገ፣ “ሰምቻለሁ አለኝ!” እያሉ ጉልበቴን ካልሳምሁ አሉ። እኔ ግን የልጁ ነገር ገባኝ። ልጁ ስንት ዓመት በዐረብ ወደቦች ሲመላለስ ኖሯል፤ “ላ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቀዋል። አባቱ በአማርኛ “አዎ” ሲሉ፣ እኔ በዐረብኛ “አይ” ስል፣ በመርማሪው ፊት ቁጭ ብሎ ሰምቶናል። ቢያርመኝ ሐሰተኛ ያደርገናል፤ ዝም ቢል የውሸቱ ተካፋይ ይሆናል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት ለብቻው እንዲሸከም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሰኞ ረፋድ ላይ አያ ታደገ ሱቄ ተቀምጠው ሳለ ስልኩ ጠራ። ዲፕሎማቱ ነው። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

“ተለቀቁ” አለኝ። ዕልል ልል ስል፣ “አሥራ ዘጠኙ። ጌትነት ቀርቷል” አለ።

“ለምን?”

“እኔም የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ስልኩ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የተነሣውን ፎቶ ገና ሲይዙት አግኝተውታል። እኛ ራሳችን የሠርግ መሆኑን፣ የአገሩ ልማድ መሆኑን በደብዳቤ ጽፈን አስረድተናል፤ ልጁም እንዲሁ ብሏል። እነሱ የጠየቁት ከአባቱ አፍ ሰምተው ነገሩን ለመዝጋት ነበር። ‘አዎ፣ በሠርግ’ ቢሉ ያልቅ ነበር። አባትየው ግን ካዱ። አሁን ደብዳቤያችንም አልታመን አለ። ለምን ካዱ፣ እኅቴ?”

እዚህ ላይ ነው ልትረግሙኝ የሚገባው። ለመጀመሪያው ውሸት ፍርሃት የሚባል ምክንያት አለኝ፤ ለዚህኛው ግን ምንም የለኝም። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር።

“ደንግጠው ይሆናል” አልሁት። “ሽማግሌ ናቸው።”

ተመልሼ ገባሁ። አያ ታደገ ፊቴን ሲያዩ ተነሡ።

“ጌትነት ቀርቷል። ስለ ጠመንጃው ነው አሉ” አልሁ።

አልጮኹም። ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን ዳበሱ።

“በእኔ አፍ” አሉ። “ሦስት ጥይት አልሁ። ማን ጠየቀኝ ስንት እንደ ተኮሰ?” ወደ በሩ ሲሄዱ ደግሞ ቆሙ። “አባቴ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይሉ ነበር። ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር።”

“አይደለም አያ፣ እርስዎ አይደሉም” ማለት ነበረብኝ። ምላሴ የት ሄደ? ያ ከሰባት ዓመት ስደት ይዤው የመጣሁት ምላስ! ወደ ገሳይ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው።

ሦስት ወር አለፈ። መብላት ተውሁ ማለት ውሸት ነው፤ እበላለሁ፣ እሥቃለሁ፣ ኮፒ አነሣለሁ። ስልክ በጠራ ቁጥር ግን “የተባለውንም ሰምቻለሁ” የሚለው ድምፅ ቀድሞ ይመጣል። ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ ሰው “እንዲህ በይልኝ” ሲለኝ የጻፍሁትን ሁለት ሦስት ጊዜ አነብለታለሁ። “ምነው ውባለም፣ ጸሎት ሆነብሽ እኮ” ይሉኛል።

በኅዳር የአያ ታደገ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ መጡ። ከስተዋል።

“አያ ታደገ እንዴት ናቸው?” አልሁ እየፈራሁ።

“ምን እንዴት አለው፣ ልጄ። አይናገርም እኮ። እንደ ባሕታዊ ዝም ብሏል። በቀደም ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው እንዲያስታርቃቸው ቢለምኑት፣ ‘ይህ አፍ ልጄን በልቷል፤ ለሰው አይሆንም’ ብሎ መለሳቸው። ወንድማማቾቹ በዱላ ተፈናከቱ።”

ኮፒውን ሰጠኋቸው፤ ሱቁን ዘጋሁ፤ አብሬያቸው ተሳፈርሁ።

አያ ታደገ አውድማ ላይ ገብስ ያበራዩ ነበር። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ሄድሁ። በአገራችን በዳይ ለእርቅ የሚቀርበው እንዲህ ነው። ሲያዩኝ በሬዎቹን አቆሙ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ “ኧረ ምን ሆንሽብኝ!” አሉ። ተንበረከክሁ።

“አያ፣ እርስዎ አዎ አሉ። እኔ አይደለም አልሁት። ሠርጉንም አልነገርሁትም። ልጅዎ የቀረው በእርስዎ ቃል አይደለም፤ በእኔ ነው። ለዲፕሎማቱም እርስዎ ካዱ ብዬዋለሁ።”

በሬዎቹ ገለባውን ይቅማሉ። ድንጋዩ አንገቴን ይቆረቁረኝ ጀመር፤ እሰይ ይበለኝ አልሁ።

“ያልሁትን አላልሽም?” አሉ በመጨረሻ። ሳይናገሩ ከመሰንበታቸው የተነሣ ድምፃቸው ሻክሯል።

“አላልሁም።”

“እኔ አልበላሁትም?”

“አልበሉትም፣ አያ።”

ገለባው ላይ ቁጭ አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ባለቤታቸው አቀፏቸው። እኔን ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመቱኝ በወደድሁ። ቆይተው ተነሡና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከማጅራቴ አነሡት።

“ይህን የምቀበልሽ እኔ አይደለሁም” አሉ። “ባለቤቱ ጌትነት ነው። ይዘሽው ሂጂ፤ ሲመጣ ለእሱ ትሸከሚዋለሽ። እስከዚያ ጸሐፊ አይደለሽ? ጻፊ።”

የዚያኑ ዕለት ጻፍሁ። በዐረብኛም በአማርኛም። “እኔ ውባለም የተባልሁ አስተርጓሚ፣ አባትየው እውነቱን ሲናገሩ በፍርሃት አዛብቼ ተርጉሜያለሁ” ብዬ ፈርሜ ላክሁ። ዲፕሎማቱ ደወለልኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ሰኞ ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ” አለ፣ “በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። ያደራደሩን ሰዎች እዚያው ነበሩ። አሁን ሄደዋል። ከ‘ሀ’ እንጀምራለን።”

ከ“ሀ” ጀመረ። ስንት በር እንዳንኳኳ እሱ ያውቃል። ጥምቀት አለፈ፤ ጾሙ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ደወለና፣ “አንድ ጥሪ ፈቅደዋል። ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉ” አለ።

አያ ታደገ አጠገቤ ነበሩ። “በይው፣ እሷው ትሁን” አሉ። “ያጣመመው እጅ ያቅናው።”

አሁንም ቅዳሜ፣ አሁንም ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። እኔም አብሬ ቆምሁ። ያው ቀዝቃዛ ድምፅ ነው።

“ልጅህ የጦር መሣሪያ ይዞ ያውቃል?”

“አዎ” አሉ አያ ታደገ። አልኮሩም፣ አልፈሩም። “በእኅቱ ሠርግ፣ በአባቴ ምንሽር፣ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ።”

“አዎ”ን “ነዓም” አልሁ። ሠርጉንም፣ ምንሽሩንም፣ ሦስቱንም ጥይት፣ ሰማዩንም አልሁ።

ብዕሩ ተሰማ። “ያን ጊዜስ ለምን ዋሸሽ?” አለኝ መኮንኑ። አያ ታደገን ሳይሆን፣ አንቺ ብሎ የጠየቀው እኔኑ ነው።

“ፈርቼህ” አልሁት።

ከዚያ የጌትነት ድምፅ መጣ፤ ከስቷል፣ ድምፅ ይከሳል ከተባለ። “አባዬ” አለ። “አሁን የሰማሁት አንድ ነው።”

ይህ ከሆነ አራት ወሩ ነው። ጌትነት ገና አልመጣም። ዲፕሎማቱ “ስሙ ከሚለቀቁት ዝርዝር ገብቷል” ይላል፤ ስም ዝርዝር ውስጥ መግባትና ሰው ቤቱ መግባት ግን ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ። አያ ታደገ ወደ ሽምግልናቸው ተመልሰዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ይቆማሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ከአፌ ያወጣሁት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ገና አልደረስሁበትም።

ምክር አልሰጣችሁም፤ ምክር የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ግን ማንም ሰው ቃሉን በአፋችሁ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ልትጠቅሙት ብላችሁ እንኳ አትንኩበት። እኔ ልጁን ልጠቅም ነበር።

ያ የገሳይ ድንጋይ ሱቄ ውስጥ ነው፤ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው ደግፎ ይይዝልኛል። ደንበኞች እግራቸውን ሲመታቸው ይነጫነጫሉ። “ውባለም፣ ይህን ቋጥኝ ምን ሊያደርግልሽ ነው? አውጭና ጣይው እንጂ!” ይሉኛል።

“የሰው ነው” እላቸዋለሁ። “ባለቤቱ እስኪመጣ ነው።”